የስትሮክ ምልክቶችን ለይቶ ሕመምተኛን በሰዓቱ ሆስፒታል የማድረስ መመሪያ፦ ለሐዋሳ ቤተሰቦች

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም በጭንቅላት ውስጥ ያለ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ የተጎዳው የአንጎል ክፍል የሚያዝዘውን የሰውነት ሥራ ወዲያውኑ ያስቆማል። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል፤ የሞተው ሴል ደግሞ ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ይህ ጊዜ ያለው ደግሞ በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው በሐዋሳና በዙሪያዋ ለሚኖር፣ የሕክምና ትምህርት ለሌለው ሰው ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ምልክቱን ማወቅ፣ ሰዓቱን መያዝና ሕመምተኛውን ሳይዘገይ ማድረስ ነው። የስትሮኩን ዓይነት በቤት ውስጥ ገምቶ መድኃኒት መስጠት ግን አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ሊያደርገው አይገባም። ምክንያቱ ስለ ዓይነቶቹ በሚናገረው ክፍል ተብራርቷል።

ደረጃ 1፦ ድንገተኛነቱን ያስተውሉ

የስትሮክ ዋና መለያ ከደቂቃዎች በፊት ደህና የነበረ ሰው ባለበት በድንገት መለወጡ ነው። ለወራት የቆየ የጉልበት ሕመም፣ ቀስ በቀስ የመጣ የጣት መደንዘዝ ወይም ሳምንት የዘለቀ ድካም ብዙውን ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው። ነገር ግን ቡና ስትቀዳ የነበረች ሴት ሲኒው ከቀኝ እጇ ቢንሸራተት፣ ልታነሳው ስትሞክር ጣቶቿ አልታዘዝ ቢሏት፣ «ምን ሆንሽ?» ስትባልም መልሷ የማይሰማ ጉርምርምታ ቢሆን፣ ይህ ድካም ወይም የእንቅልፍ እጦት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ጋደም ልበልና ይለቀኛል» የሚለውን ልመና መቀበል ከሁሉ የከፋ ውሳኔ ነው። ስትሮክ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጥም ሕመም ስለሌለው ሕመምተኛው ራሱ ነገሩን ያቃልለዋል፤ በተለይ የአንጎሉ ቀኝ ጎን ሲጎዳ ግራ እጁ መስነፉን ጨርሶ የማያውቅ፣ ሲነገረውም የሚክድ ሰው አለ። ስለዚህ ውሳኔው አጠገቡ ያለው ሰው ይሁን እንጂ ለሕመምተኛው አይተው።

ደረጃ 2፦ ፊትን፣ ክንድንና አንደበትን ይፈትሹ

ሦስቱ ፍተሻዎች በአንድ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም፤ ምንም መሣሪያም አይጠይቁም።

በመጀመሪያ ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ሆነው «ጋሼ፣ እስኪ ጥርስዎን ያሳዩኝ» ወይም «እማማ፣ እስኪ ፈገግ ይበሉ» ብለው ይጠይቁ። ከአፍ ጫፎች አንዱ ወደ ላይ ሲሳብ ሌላው ወርዶ ከቀረ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደው እጥፋት በአንድ በኩል ከጠፋ ወይም ምራቅ በአንድ ጎን ከፈሰሰ ምልክቱ አለ። ከዕድሜ የተነሳ ፊታቸው የተጨማደደ ወይም ጥርሳቸው የወለቀ ሰዎች ላይ ልዩነቱ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ከሚያውቋቸው ሰዎች አንዱ «ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው?» ተብሎ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ፊት እንዲዘረጋ ያድርጉና እስከ አሥር ይቁጠሩ። አንዱ ክንድ ቀስ እያለ ከወረደ፣ መዳፉ ወደ ውስጥ ከዞረ ወይም ከመነሻው አልነሳ ካለ ድክመት አለ ማለት ነው። እግርንም በተመሳሳይ መንገድ ማየት ይቻላል፤ ጫማው ከአንድ እግሩ ሳያውቀው የወለቀ ወይም አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ይኸው ችግር ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

አንደበትን ለመፈተሽ «ዛሬ ሐይቁ ዳር ነፋስ አለ» የመሰለ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ይጠይቁት። በዚህ ከተማ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ አፉን የፈታ ሰው የሚፈተሸው በዚያው ቋንቋ እንጂ በኋላ በተማረው አማርኛ አይደለም፤ አለዚያ የቋንቋ ችግር የሕመም ምልክት፣ የሕመም ምልክትም የቋንቋ ችግር ይመስላል። የአንደበት ጉዳት ሦስት መልክ አለው። አንዳንዱ ምላሱ ተሳስሮ ቃሉ ይኮላተፍበታል። አንዳንዱ ቃሉን ጥርት አድርጎ ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ያልተጠየቀውን ወይም ትርጉም የሌለውን ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሚባለውን አይረዳም፤ ይህን ለማወቅ በእጅዎ ምንም ሳያሳዩ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ብለው ይዘዙት። ሁለተኛውና ሦስተኛው መልክ ከእብደት ወይም ከልክፍት ጋር ስለሚምታቱ ቤተሰብን ብዙ ጊዜ ያስታሉ።

ከሦስቱ አንዱ ብቻ በድንገት ከታየ በቂ ነው። ሁለተኛው እስኪጨመር አይጠበቅም።

ደረጃ 3፦ የሚዘነጉትን ምልክቶች ያስታውሱ

አንዳንድ ስትሮክ ፊትንም ክንድንም ሳይነካ ይመጣል። ሰውየው በድንገት ሚዛኑን ስቶ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ መቆም ያቅተዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ይህ የኋላኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚታይ ሲሆን፣ አፉ የማይሸት ሰው ሲንገዳገድ ቢታይ ሊታሰብ የሚገባው ስትሮክ ነው። የጠጣ ሰውም ቢሆን ስትሮክ ሊይዘው እንደሚችል አይዘንጋ። በአንድ ዓይን ድንገት ማየት አለመቻል፣ በሁለቱም ዓይኖች የአንዱ ጎን እይታ መጥፋት ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትም እንዲሁ ምልክት ነው።

የራስ ምታት ለብቻው የስትሮክ ምልክት የሚሆነው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጣራ ላይ የሚደርስና በሕይወት ዘመን ታይቶ የማያውቅ ከሆነ ነው። በተለይ ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላት ወይም ራስን መሳት ከተከተለው በአንጎል ዙሪያ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል የአንድ ደቂቃ መዘግየት እንኳ አይገባም። ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች እናት ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣባት ዕድሜዋ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ በእርግዝና ምክንያት የሚነሳ የደም ግፊት ለስትሮክ ይዳርጋል።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ይያዙ

ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» የሚለው ነው። የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጠው በመደበኛነት ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥቅሙ እየቀነሰ ደም የማፍሰስ አደጋው ይብሳል። የሚቆጠረው ሰዓት ምልክቱ የታየበት ሳይሆን ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ እንይ። አንድ አባት ማታ 4 ሰዓት ደህና ሆነው ተኙ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲነቁ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሌላ መረጃ ከሌለ ሐኪሙ 8 ሰዓት እንዳለፈ አድርጎ ይቆጥራል። ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ ደጅ ወጥተው ሲመለሱ ከልጃቸው ጋር በደህና ተነጋግረው ከነበረ ያለፈው 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ የሕክምናው በር ገና አልተዘጋም። ይህን የሚያውቀው ልጅ ሆስፒታል አብሮ መሄድ አለበት፤ መሄድ ካልቻለም ስልኩ ክፍት ይሁን። ሰዓቱን ሲያስመዘግቡ «ከሌሊቱ» ወይም «ከጠዋቱ» ብለው ይግለጹ፤ በሕክምና ካርድ ላይ አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጽፍ የስድስት ሰዓት ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ደረጃ 5፦ ጉዳት ከሚያስከትለው ደግነት ይቆጠቡ

በጭንቀት መካከል ሁሉም የሚችለውን ማድረግ ይፈልጋል፤ ከሚደረጉት አንዳንዶቹ ግን ከሕመሙ ባልተናነሰ ይጎዳሉ። በኋላ ከሚገለጸው የስኳር መውረድ በስተቀር ለሕመምተኛው ምግብም፣ ውኃም፣ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒትም አይስጡ። ስትሮክ የመዋጫ ጡንቻዎችን ስለሚያሰንፍ አንድ ጉንጭ ውኃ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በየቤቱ «ምች መታው» ተብሎ የሚጨመቀው ዳማ ከሴም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው።

አስፒሪን አይስጡ። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢገኝም የጎረቤትን ኪኒን ሰጥተው ወይም ከምላሱ ሥር አድርገው ለማውረድ አይሞክሩ፤ በስትሮክ ጊዜ ግፊቱ የሚጨምረው አንዳንድ ጊዜ አንጎል በቂ ደም ለማግኘት ስለሚታገል ነው፤ በድንገት ሲወርድም ጉዳቱ ይሰፋል። ጣትን በመርፌ መውጋት፣ ማሸትና ማንቀጥቀጥም ጥቅም የላቸውም።

ጠበልን በተመለከተ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። የእምነት ቦታ የሚሰጠው ብርታት ትልቅ ነው፤ ከሆስፒታል በኋላ ለወራት በሚዘልቀው የማገገሚያ ጊዜም ቤተሰብን ያጸናል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመምተኛውን ወደዚያ መውሰድ የማይመለስ ጊዜ ያስወስዳል። ብዙ ካህናትና የሃይማኖት አባቶችም ራሳቸው «መጀመሪያ ወደ ሐኪም» ይላሉ። ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ ወደ ሆስፒታል ያድርሱ

አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቁጥር 907 ነው። አንዱ ሲደውል ሌላው መኪና ያፈላልግ፤ አምቡላንሱ ቅርብ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይሂዱ። ሕመምተኛው ነቅቶ ከሆነ ራሱን ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጋደም። ራሱን ከሳተ ወይም እያስመለሰው ከሆነ ምራቁና ትውከቱ እንዲወጣ በጎኑ አስተኝተው አንገቱንና ወገቡን የጠበቀውን ልብስ ያላሉለት። የሰነፈውን ክንድ ጎትተው አያንሱት፤ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል። ባጃጅ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ይያዝ፤ ያን ጊዜም ሁለት ሰው ከግራና ቀኝ ሆኖ ይደግፈው፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ አንዱ ይያዝለት።

የት ይወሰድ የሚለው ጥያቄ ከመንገዱ ርዝመት ይበልጣል። ስትሮክ የሚፈልገው ሲቲ ስካን፣ ማለትም የአንጎልን ውስጥ በምስል የሚያሳይ የምርመራ መሣሪያ፣ ያለበትን ተቋም ነው። በሐዋሳ ነዋሪው «ሪፈራል» የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና አዳሬ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው፤ የግል ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከሎችም አሉ። ከመነሳትዎ በፊት ወይም በመንገድ ላይ ሆነው ደውለው «ሲቲ ስካኑ አሁን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መሣሪያው የተበላሸበት ቦታ ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ከሆነ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቅርብ ያለው የድንገተኛ ክፍል ይቀድማል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

የደም ማሟሟቻው መድኃኒት በሀገራችን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ይህ ግን ቶሎ ከመድረስ አያዘናጋ። ስኳርና ትኩሳትን መቆጣጠር፣ መዋጥ መቻሉን አይቶ መመገብ፣ የደም ግፊቱን በልክ መያዝ፣ በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ሲረጋገጥ አስፒሪን መጀመር፤ እነዚህ ሁሉ ሕይወት የሚያተርፉና የአካል ጉዳትን የሚቀንሱ ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም ቀደም ብሎ ለደረሰ ይበልጥ ይሠራሉ።

የስትሮክ ዓይነቶችና ለቤተሰቡ ያላቸው ትርጉም

የመጀመሪያው ዓይነት የደም ሥር መዘጋት ነው። መዘጋቱ የሚመጣው በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በሲጋራና በስብ ክምችት የጠበበ የደም ሥር ላይ ደም ሲረጋ፣ ወይም ከልብ የተነሳ የረጋ ደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ሲሰነቀር ነው። የኋለኛው በሀገራችን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረውና በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን ለስትሮክ ይዳርጋል። ስለዚህ «ለስትሮክ ገና ልጅ ናት» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወስድ ወይም ደም ማቅጠኛ እንድትጠቀም የታዘዘላት ወጣት መድኃኒቱን ካቋረጠች አደጋው ቅርብ ነው።

ሁለተኛው የደም መፍሰስ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ደም ግፊት በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አዳክሞ ሲያፈነዳቸው ደሙ በአንጎል ሥጋ ውስጥ ይፈሳል። የተነፋ የደም ሥር ሲፈነዳ ደግሞ ደሙ በአንጎል ሽፋኖች መካከል ይሰራጫል፤ ከላይ የተጠቀሰው ድንገተኛ ራስ ምታት የዚህ ነው። በአሜሪካ ከስትሮኮች 87 በመቶው የመዘጋት ዓይነት ናቸው፤ በአፍሪካ ግን የደም መፍሰሱ ድርሻ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። በእኔ እምነት ከውጭ የሚመጣውን «አስፒሪን ቶሎ ይዋጥ» የሚል ምክር እንዳለ መቀበል ለእኛ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እጁ የሰነፈውና አፉ የተጣመመው ሰው ደም ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ በዓይን አይታይም፤ ልምድ ያለው ሐኪምም ያለ ሲቲ ስካን እርግጠኛ አይሆንም። አንደኛውን የሚረዳ አስፒሪን ሁለተኛውን ሊያባብስ ይችላል።

ሦስተኛው መጥቶ የሚሄደው ነው። ምልክቶቹ ሁሉ እንደ ስትሮክ ሆነው በደቂቃዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠፋሉ፤ የተዘጋው የደም ሥር በራሱ ስለተከፈተ ነው። አንድ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ሂሳብ ሲሠራ እስክሪብቶው ከጣቱ ወደቀ፣ ምላሱም ለአሥር ደቂቃ ተሳሰረ፤ ከዚያ ሁሉም ተመለሰና «ተመስገን» ብሎ ሥራውን ቀጠለ እንበል። ይህ ሰው በዚያች ቀን የሚያስፈልገው ሆስፒታል ነው። ከእንዲህ ያለ ክስተት በኋላ ባሉት 3 ወራት ከሚመጡት ስትሮኮች ግማሽ ያህሉ የሚከሰቱት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ነውና። መድኃኒት ቶሎ ቢጀመርለት ትልቁን ስትሮክ የማስቀረት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለቀጣዩ ሳምንት ቀጠሮ መያዝ ግን ይህን ዕድል ማባከን ነው። ከምልክቶቹ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ሲታለፍ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ገና ሙሉ ጤናማ ነው።

ስትሮክ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ እጁ ሊሰንፍና አንደበቱ ሊተሳሰር ይችላል። በቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ካለ ወዲያውኑ ይለካ፤ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነና ሰውየው በደንብ ነቅቶ ያለ ሳል መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጠው፤ መዋጥ ካልቻለ ወይም ምልክቱ ካልጠፋ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የፊት ነርቭ ሕመም ደግሞ ፊትን ብቻ ያጣምማል፤ በዚህ ሕመም በተጣመመው ጎን ግንባር መኮሳተርና ዓይን መክደን ያቅታል፤ በስትሮክ ግን ግንባሩ አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛል። ይህ ልዩነት ለሐኪም ይጠቅማል፤ ቤት ለመቅረት ምክንያት ግን አይሁን።

ደረጃ 7፦ አስቀድመው ይዘጋጁ

ከስትሮክ አጋላጮች ሁሉ ትልቁ የደም ግፊት ሲሆን፣ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በጤና ጣቢያ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይጀምር። መድኃኒት የጀመረ ሰው «ወርዶልኛል» ብሎ አያቁም፤ የወረደው መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነው። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ከምግብ ጋር መብላት ጥሩ ነው፣ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተኩም። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የመዋጫውን ሰዓት ለማዛወር ከሐኪም ጋር መነጋገር እንጂ ማቋረጥ አያስፈልግም።

በመጨረሻም አንድ ወረቀት አዘጋጅተው ሁሉም የቤተሰብ አባል፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በወረቀቱ ላይ 907፣ መኪና ያለው የቅርብ ጎረቤት ስልክ፣ ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ስልክ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ስም፣ ዕድሜ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለም እርሱ ይጻፍ። ከታች ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበት ሰዓት» የሚል ባዶ መስመር ይተውና እስክሪብቶ አብሮ ይንጠልጠል።